ጥላሸት በሰማይ



ፒያሳን ለዘመናት ካስጠሯት ነገሮች አንዱ ወርቅ ቤቶቿ ናቸው። ቀለበት የፈለገ ሙሽራ ወደዚያ ይሄድ ነበር፤ አቅም ያለው ደግሞ አልማዝ ያለበትን አሳዩኝ ይል ነበር። ከዚያው ብዙም ሳይርቅ፣ በደጃዝማች ውቤ አትናፍሰገድ ስም በተጠራውና ሕዝቡ ውቤ በረሃ እያለ ባቆየው ሰፈር፣ በየግቢው ሌላ ነገር ነበር፦ ማንደጃ ላይ የፋመ ከሰል፣ ለዓመታት ጭስ የጠጣ የማዕድ ቤት ግድግዳ፣ እጅ ሲነካው የሚያጠቁር ጥላሸት። በወርቅ ቤቱ መስታወት ውስጥ የሚያብለጨልጨው አልማዝና ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጥላሸት በመሠረቱ አንድ ንጥረ ነገር ናቸው። ካርቦን ናቸው።

የሚለያዩት አቶሞቹ በተያያዙበት መንገድ ነው። በአልማዝ ውስጥ እያንዳንዱ የካርቦን አቶም ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር በየአቅጣጫው ተቆላልፎ ይቆማል፤ ጥንካሬውም ከዚያ ይመጣል። በግራፋይት፣ ማለትም በእርሳስ ውስጥ ባለው ጥቁር ነገር፣ ከሦስት ጋር ብቻ ተያይዞ ስስ ንጣፍ ይሠራል፤ ንጣፎቹ አንዱ በሌላው ላይ ስለሚንሸራተቱ እርሳስ ወረቀት ላይ ይጽፋል። በጥላሸት ውስጥ ደግሞ እነዚያ ንጣፎች ተቆራርጠውና ተዘበራርቀው ተከምረዋል።

ይህ ዲስኩር የሚቆመው ለጥላሸቱ ነው። በሰማይ ስላለው ካርቦን ወሬ በተነሣ ቁጥር ጆሮ የሚስበው የአልማዝ ኮከብና የአልማዝ ፕላኔት ዜና ነው። ይሁን እንጂ በጠፈር ውስጥ ከባዱን ሥራ የሠራው፣ ለምድርም ሕይወት የሚቆምበትን ካርቦን ያቀበላት ጥቁሩ፣ ቆሻሻ የሚመስለው ወገን ነው። ማስረጃው ከኮከብ ሆድ ይጀምርና በኑብያ በረሃ በኩል አልፎ አምስት ኪሎ ሙዚየም ድረስ ይመጣል። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባሉት በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ካርቦን ከጥንት ከመሠረቱ አልነበረም። ዩኒቨርስ ሲጀምር የተሠሩት ሃይድሮጅንና ሂሊየም፣ ከእጅግ ጥቂት ሊቲየም ጋር ናቸው። ዛሬ ካርቦን ከሃይድሮጅን፣ ከሂሊየምና ከኦክስጅን ቀጥሎ በክብደት አራተኛውን ደረጃ ይዟል፤ የተሠራውም በከዋክብት ውስጥ ነው። እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ግን የፊዚክስ ሰዎችን ለዓመታት አስቸግሯል። ሁለት የሂሊየም ኒውክለሶች ሲጋጩ ቤሪሊየም 8 ይሆናሉ፤ እርሱ ደግሞ ለመታሰብ እንኳ በምታስቸግር ቅጽበት ውስጥ ተመልሶ ይፈርሳል። ካርቦን ይሠራ ዘንድ ሦስተኛው ሂሊየም በዚያች ቅጽበት ውስጥ ደርሶ መግባት አለበት። ኤድዊን ሳልፒተር በ1952 ይህ ነገር በ100 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ሙቀት ሊከሰት እንደሚችል አሳየ። ሆኖም በሂሳቡ የሚገኘው ካርቦን ዛሬ ካለው ጋር ሲተያይ በጣም ያንስ ነበር።

በ1953 እንግሊዛዊው ሥነ ፈለከኛ ፍሬድ ሆይል ካሊፎርኒያ ወደሚገኘው ካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ሄደና ለፊዚክስ ተመራማሪው ዊሊያም ፋውለር አንድ እንግዳ ጥያቄ አቀረበ። የካርቦን ኒውክለስ ከመደበኛው ሁኔታ 7.7 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ አንድ ልዩ የኃይል ደረጃ ሊኖረው ይገባል፤ ፈልጉት አለ። በዚያን ጊዜ ማንም በእርግጠኝነት አላወቀውም። የሆይል ሙግት አጭር ነበር፦ በዓለም ውስጥ ካርቦን ሞልቷል፤ ስለዚህ ሂሊየሞቹን በፍጥነት የሚያገጣጥም በር መኖር አለበት። ፋውለር ተጠራጠረ። ዋርድ ዌሊንግና ባልደረቦቹ ግን ሙከራውን አካሄዱት፤ ደረጃውም ሆይል ባለበት ቦታ ተገኘ። አንድ ሰው ከሰማይ ብዛት ተነሥቶ የአቶምን እምብርት ባሕርይ አስቀድሞ የተናገረበት አጋጣሚ በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ብዙ አይደለም። በ1983 ፋውለር የኖቤል ሽልማት ሲቀበል የሆይል ስም ከተሸላሚዎቹ መካከል አልነበረም፤ ያ ውሳኔ ለብዙዎች እስከ ዛሬ ፍትሕ የጎደለው ሆኖ ይታያል፤ ለዚህ ዲስኩርም እንዲሁ ነው።

የተሠራው ካርቦን ከኮከቡ ሆድ መውጣት አለበት። ግዙፎቹ ከዋክብት ሲፈነዱ ይበትኑታል። እንደ ፀሐይ ያሉትና ከእርሷ ጥቂት የሚተልቁት ደግሞ በእርጅናቸው አብጠው ቀይ ግዙፍ ይሆናሉ፤ ውስጣቸው ሲናወጥ ካርቦኑ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያም የኮከቡ ነፋስ ወደ ጠፈር ይገፋዋል። እዚህ ላይ ሁሉን የሚወስነው ካርቦንና ኦክስጅን ያላቸው ሚዛን ነው። ሁለቱ በተገናኙ ጊዜ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆነው በጽኑ ይታሰራሉ። ኦክስጅን ከበለጠ የተረፈው ኦክስጅን ከሲሊኮን ጋር ተጣምሮ የድንጋይ ብናኝ ይሠራል። ካርቦን ከበለጠ ግን የተረፈው ካርቦን እርስ በርሱ ይያያዝና ኮከቡ ጥላሸት ይተፋል። የምድር አለትና የሰማይ ጥላሸት የተለያዩት በዚህ ቀላል ሂሳብ ነው።

እንዲህ ያሉትን የካርቦን ከዋክብት መጀመሪያ ለይቶ ያወጣቸው በ1860ዎቹ ሮም ውስጥ ይሠራ የነበረ ኢየሱሳዊ ቄስ፣ አንጄሎ ሴኪ ነው። ሴኪ የጥቂት ቀያይ ከዋክብትን ብርሃን በፕሪዝም በዘረጋው ጊዜ ሰፋፊ ጥቁር ጥላዎች አየ። ጥላዎቹ ያረፉበት ቦታ ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ስዋን ከጥቂት ዓመታት በፊት በነበልባል ውስጥ ደማቅ ሆነው ካያቸው መስመሮች ጋር ገጠመ። የስዋንን መስመሮች ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ማታ መብራት አጥፍቶ የቡታጋዝ ምድጃ የለኮሰ ሰው ከምድጃው ቀዳዳዎች ጫፍ ላይ፣ ነበልባሉ በሚጀምርበት፣ ጥርት ያለች ሰማያዊ አረንጓዴ ቀለም ያያል። ያቺ ቀለም በከፊል የምትመጣው ሁለት የካርቦን አቶሞች ለአፍታ ተጣምረው ከሚሠሩት ሞለኪውል ነው። ብዙ ጅራታም ኮከቦች ወደ ፀሐይ ሲቀርቡ ራሳቸው አረንጓዴ የሚሆነውም በዚሁ ሞለኪውል ምክንያት ነው፤ በ2023 መጀመሪያ ላይ ዓለም አረንጓዴው ኮሜት እያለ የተከታተለው ዜድቲኤፍ አንዱ ነበር።

አዲስ አበባ ለዚህ ዓይነት ከዋክብት ጥሩ መስኮት ናት። ከምድር ወገብ በ9 ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ የሰሜኑም የደቡቡም ሰማይ ይታያታል። በጥር ምሽት ኦሪዮን ከፍ ብሎ ሲቆም፣ ከእርሱ በስተደቡብ ባለው የጥንቸል ምድብ ውስጥ አር ሌፖሪስ የምትባል ኮከብ አለች፤ እንግሊዛዊው ጆን ራስል ሃይንድ በ1845 የመዘገባት። በቴሌስኮፕ ስትታይ ከቀያዮቹ ሁሉ ቀይ ናት፤ በዙሪያዋ ያሉት የካርቦን ሞለኪውሎችና ብናኞች ሰማያዊውን ብርሃን ያስቀሩታል። ከአንድ ዓመት በሚበልጥ ዑደት ትደምቃለች፣ ትፈዛለች። በእንጦጦ ወደ 3200 ሜትር ከፍታ ላይ የቆሙት ባለ 1 ሜትር መንትያ ቴሌስኮፖች ለእርሷ ከበቂም በላይ ናቸው።

ከእርሷ የባሰች ደግሞ አለች። በአንበሳ ምድብ ውስጥ አይአርሲ +10216 የተባለች ኮከብ ራሷ በሠራችው ጥላሸት ተሸፍና በዓይን ከሚታዩት ከዋክብት ተራ ወጥታለች። በሙቀት ጨረር፣ ማለትም በኢንፍራሬድ፣ ሲመለከቷት ግን ከሰማይ ደማቆች አንዷ ናት፤ የተገኘችውም በ1960ዎቹ ሰማይ በኢንፍራሬድ መቃኘት ሲጀምር ነው። በዙሪያዋ ከ80 የማያንሱ የሞለኪውል ዓይነቶች ተለይተዋል፤ ብዙዎቹ የካርቦን ሰንሰለቶች ናቸው። በከዋክብት መካከል ባለው ጠፈር እስካሁን ከተለዩት ከ300 በላይ ሞለኪውሎች ውስጥ ስድስትና ከዚያ በላይ አቶም ያላቸው ሁሉ ካርቦን አለባቸው። ሰፊ ነገር መገንባት የፈለገ ኬሚስትሪ ያለ ካርቦን አልሆነለትም ማለት ነው።

ከእነዚህ ሞለኪውሎች ሁሉ ለሰፈር ሰው ቅርብ የሆኑት ስድስት ማዕዘን የካርቦን ቀለበቶች ጎን ለጎን ተገጣጥመው የሚሠሩት ናቸው። ኬሚስቶች ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን ይሏቸዋል፤ ከሰል ሲጤስ፣ ሥጋ ሲጠበስ፣ ቡና ሲያር፣ የናፍጣ መኪና ጭስ ሲለቅ ይፈጠራሉ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሥነ ፈለከኞች ከኔቡላዎችና ከጋላክሲዎች የሚመጣ ያልታወቀ የኢንፍራሬድ ብርሃን ያዩ ነበር፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ በፈረንሳይና በአሜሪካ የነበሩ ቡድኖች ብርሃኑ የእነዚህ ቀለበቶች መሆኑን ለየብቻቸው አመለከቱ። በጠፈር ካለው ካርቦን ሁሉ ከአሥር እጅ አንዱ ወይም ከዚያ በላይ በእነርሱ መልክ እንዳለ ይገመታል። በ2023 የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ብርሃናቸውን ከ12 ቢሊዮን ዓመት በላይ ተጉዞ ከደረሰ ጋላክሲ አገኘው፤ ዩኒቨርስ 1.5 ቢሊዮን ዓመት እንኳ ሳይሞላው ጥላሸት ነበረው።

በ2024 ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። በኮርማ ምድብ ውስጥ ቲኤምሲ 1 የሚባል፣ ገና ኮከብ ያልወለደ ጨለማ ደመና አለ፤ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 263 ዲግሪ ገደማ ነው። የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በአንድ ግዙፍ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ደመናውን ሰምተው አራት ቀለበት ያለውን የፓይሪንን ዘመድ በብዛት አገኙበት። ፓይሪን በከሰል ጭስ ውስጥ ያለ ነገር ነው። እስከዚያ ድረስ የብዙዎች እምነት እንዲህ ያለው ሞለኪውል ነበልባል ወይም የኮከብ ትኩሳት ይፈልጋል የሚል ነበር። እሳት የሚባል ነገር በሌለበት ደመና ውስጥ ጥላሸት መገኘቱ ያንን እምነት አናግቶታል፤ ቅዝቃዜውም ራሱ ቀለበት የሚሠራበት መንገድ ሊኖረው ይችላል።

የካርቦን ኮከቦችን ጥላሸት በላቦራቶሪ ለመሥራት የተደረገ አንድ ሙከራ ያልታሰበ ነገር አስገኝቷል። በመስከረም 1985 እንግሊዛዊው ሃሪ ክሮቶ ቴክሳስ ወደሚገኘው ራይስ ዩኒቨርሲቲ የሄደው ግራፋይትን በሌዘር አትንኖ ኮከብ ዙሪያ ያሉትን የካርቦን ሰንሰለቶች ለማስመሰል ነበር። ከሪቻርድ ስሞሊና ከሮበርት ከርል ጋር ሆነው መሣሪያውን ሲያነቡ ልክ 60 አቶም ያለው አንድ ነገር ከሌላው ሁሉ በልጦ ወጣ። ቅርጹን ሲያስቡት 20 ስድስት ማዕዘንና 12 አምስት ማዕዘን ቁራጮች የተሰፉባት፣ ጥቁርና ነጭ የእግር ኳስ ሆነ፤ ያቺው በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ የተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ልጆች በኋላ ዘመን ሲያሯሯጧት የኖረችው ዓይነት። ሦስቱ በ1996 የኬሚስትሪን ኖቤል ተሸለሙ። ኳሷ በሰማይ ለመገኘት ግን እስከ 2010 ጠበቀች፤ በዚያ ዓመት ያን ካሚና ባልደረቦቹ ስፒትዘር በተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ቲሲ 1 በሚባል፣ አንድ ኮከብ ሲያረጅ በለቀቀው ጋዝ ውስጥ አዩዋት። በኤሌክትሪክ የተሞላው ዓይነቷ ደግሞ ሥነ ፈለከኛዋ ሜሪ ሊ ሄገር ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት መመዝገብ የጀመረችውን፣ በከዋክብት ብርሃን ውስጥ የሚታየውንና ለረጅም ጊዜ ማንም ያልፈታውን ዓይነት ጥላዎች ጥቂቱን እንደሚሠራ በ2015 በላቦራቶሪ ተረጋገጠ።

አልማዙስ? አልማዝ በሰማይ አለ፤ ለብቻው ግን አይገኝም፤ ከጥላሸቱ ጋር ነው። በ1969 ሜክሲኮና አውስትራሊያ ላይ በወደቁት አዬንዴና መርቺሰን በተባሉ ጥቋቁር የሰማይ ድንጋዮች ውስጥ ተመራማሪዎች በ1987 ከፀሐይ በፊት የነበሩ አልማዞችን ለይተው አወጡ። እያንዳንዱ ጥቂት ሺህ አቶም ብቻ ያለው በመሆኑ ማንም ወርቅ ሠሪ በማጉያ መነጽሩ ሊያየው አይችልም።

ለኢትዮጵያ ቅርብ የሆነው ታሪክ ግን የሱዳኑ ነው። ጥቅምት 6 ቀን 2008 ሪቻርድ ኮዋልስኪ የተባለ ሰማይ ቃኝ በአሪዞና ተራራ ላይ ሆኖ ወደ ምድር የምትመጣ፣ ወደ 4 ሜትር የምትሰፋ አንዲት ትንሽ አስትሮይድ አየ። በሃያ ሰዓት ገደማ ውስጥ በኑብያ በረሃ ላይ በ37 ኪሎ ሜትር ከፍታ ፈነዳች። ከምድር ጋር ከመጋጨቷ በፊት በጠፈር የታየች የመጀመሪያዋ እርሷ ናት። የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ሙዓውያ ሻዳድ ተማሪዎቹን አስከትሎ፣ ከተመራማሪው ፒተር ጄኒስከንስ ጋር በመሆን በረሃውን በእግር አሰሰ፤ ልጆቹ ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ ዓይናቸውን አሸዋው ላይ ተክለው፣ ጥቁር ነገር ባዩ ቁጥር እየጮኹ ሄዱ። በመጀመሪያዎቹ አሰሳዎች ብቻ ወደ 600 የሚጠጉ ስብርባሪዎች ተሰበሰቡ። በአቅራቢያው ባለው የባቡር ጣቢያ ስም አልማሃታ ሲታ ተባሉ። ብዙዎቹ ግራፋይት የሞላባቸው፣ በግራፋይቱም ውስጥ አልማዝ ያዘሉ ናቸው። በ2018 አንድ የስዊዘርላንድ ቡድን አልማዞቹ ሜርኩሪን ወይም ማርስን በሚያህል፣ ዛሬ በሌለ ፕላኔት ሆድ ውስጥ ተሠሩ ሲል፣ ሁለት ዓመት ቆይቶ ሌላ ቡድን የለም፤ የግጭት ድንጋጤ ነው የሠራቸው አለ። ክርክሩ ወደየትም ያዘንብል፣ የካርቱም ተማሪዎች በእጃቸው ያነሡት ድንጋይ የክርክሩ መነሻ ሆኗል፤ ይህ ለአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ትልቅ ትምህርት ነው።

ግዙፉን አልማዝ በተመለከተም ነገሩን ማጥራት ይገባል። እንደ ፀሐይ ያሉ ኮከቦች ሲሞቱ ካርቦንና ኦክስጅን የሞላበት፣ ምድርን የሚያህል ነጭ ድንክ ትተው ይቀራሉ። በሴንታውረስ ምድብ ውስጥ ወደ 50 የብርሃን ዓመት ርቆ ያለው ቢፒኤም 37093 የውስጡ ብዙ ክፍል ወደ ክሪስታል እንደረጋ በ2004 ሲነገር፣ ጋዜጦች በካራት እየመነዘሩ የሰማይ አልማዝ አሉት። ያ ክሪስታል ግን የፒያሳው አልማዝ አይደለም። በዚያ ግፊት ኤሌክትሮኖቹ አቶሞቹን ለቅቀው ስለሚዋኙ አቶምን ከአቶም የሚያቆላልፍ ኬሚካዊ ትስስር የለም። ከዚያ የሚያስደንቀው ቅጽል ስሙ ነው፦ ሉሲ። ስሙ የተወሰደው ከቢትልስ የ1967 ዘፈን ነው፤ ያው ዘፈን ኅዳር 1974 በአፋር ምድር፣ ሐዳር ላይ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት አጽም ባገኙት ተመራማሪዎች ካምፕ ውስጥ ሲሰማ ስለነበር፣ የአጽሟ ባለቤት ድንቅነሽ በፈረንጅ አፍ ሉሲ ተባለች።

ወደ ጥላሸቱ እንመለስ፤ ትልቁ ጉዳይ እዚያ ነውና። የሰው አካል ከክብደቱ አምስት እጅ አንዱን ሊጠጋ ካርቦን ነው። ምድር በጠቅላላዋ ግን በካርቦን ድሃ ናት፤ ፀሐይ ካላት ድርሻ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ያለው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለዚህ የተሰጠው ማብራሪያ ዛሬ በሥነ ፈለከኞች ዘንድ የጥላሸት መስመር ይባላል። ፀሐይ ሕፃን ሳለች በዙሪያዋ ይሽከረከር በነበረው ብናኝ ውስጥ አንድ ወሰን ነበር፤ ከወሰኑ ወዲህ፣ ወደ ፀሐይ በኩል፣ ጥላሸቱ ይቃጠላል፣ ጋዝ ሆኖም ይጠፋል፤ ከወሰኑ ወዲያ ደግሞ ጠጣር ሆኖ ይቆያል። ምድር የተሠራችው ከወሰኑ ወዲህ ነው። ስለዚህ በእርሷ ላይ ካለው ካርቦን ብዙው ከዚያ ማዶ፣ በጥቋቁር አስትሮይዶችና በበረዷማ አካላት ተጭኖ የመጣ መሆን አለበት።

ይህ ግምት ብቻ ሆኖ አልቀረም። የናሳ መንኮራኩር ኦሳይረስ ሬክስ በመስከረም 2023 ከቤኑ አስትሮይድ 121.6 ግራም ጥቁር አፈርና ጠጠር ይዛ ዩታ በረሃ ላይ ጣለች። ከመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች በአንዱ ካርቦኑ ከክብደቱ 4.7 በመቶ ሆነ። በጥር 2025 የታተሙት ጥናቶች ደግሞ በሕያዋን ፕሮቲን ውስጥ ከሚገኙት 20 አሚኖ አሲዶች 14ቱን፣ በዲኤንኤና በአርኤንኤ ውስጥ ያሉትን አምስቱንም ቤዞች፣ ከአሞኒያና ከጨው ጋር አገኙ። በቤኑ ላይ ሕይወት የለም፤ የሕይወት ጥሬ ዕቃ ግን ሕይወት ሳይኖር ተደርድሯል። የጃፓኗ ሃያቡሳ 2 ከሪዩጉ ያመጣችው 5.4 ግራም አፈርም ውስጥ ያው ጥቁር ካርቦን፣ ፓይሪንም ጭምር ነበረበት።

ከሰማይ የሚመጣው ካርቦን ሁሉ ጥንታዊ አይደለም። አሁን በዚህች ሰዓት ከአራዳ በላይ ባለው አየር ውስጥ አዲስ ካርቦን እየተሠራ ነው። ከጠፈር የሚወረወሩ ጨረሮች የአየሩን አቶሞች ሲመቱ ኒውትሮን ይወጣል፤ ኒውትሮኑ ናይትሮጅንን ሲመታ ካርቦን 14 ይሆናል። እርሱ ወደ ዕፅዋት፣ ከዕፅዋት ወደ ከብት ይገባል፤ ሲሞቱ ግን መግባቱ ይቆምና በ5730 ዓመት ግማሹ ያልቃል። ዊላርድ ሊቢ በዚህ ዘመን መቁጠሪያ በ1960 ኖቤል ተሸልሟል። ኢትዮጵያ ከዚህ ያገኘችው ትርፍ የአድዋ አካባቢው የአባ ገሪማ ገዳም ወንጌሎች ዘመን መታወቁ ነው። በብራናቸው ላይ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያደረገው ምርመራ ወንጌሎቹን ከአራተኛው መጨረሻ እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ አስቀመጣቸው፤ ከዚያ በፊት ብዙ ሊቃውንት ከ11ኛው መቶ ዓመት አያልፉም ይሉ ነበር። በአበው ልማድ ደግሞ የብራና ጥቁር ቀለም የሚዘጋጀው ከጥላሸት ነው። ድንቅነሽን በዚህ መንገድ መመርመር አይቻልም፤ ካርቦን 14 ከ50 ሺህ ዓመት ገደማ በላይ አያደርስም።

ኢትዮጵያ የሰየመቻት ኮከብም ከዚህ የካርቦን ታሪክ ውጭ አይደለችም። ታኅሣሥ 17 ቀን 2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በየአገሩ ሕዝብ የተመረጡ የኮከብና የፕላኔት ስሞችን ሲያስታውቅ የኢትዮጵያ ድርሻ ቡናና አቦል ነበር። ቡና በአንድሮሜዳ ምድብ ውስጥ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቃ ያለች፣ ከፀሐይ በመጠኑ የምትተልቅና በከባድ ንጥረ ነገሮች ከፀሐይ የበለጠች ኮከብ ናት፤ አቦል ደግሞ ጁፒተርን ከአራት እጥፍ በላይ የሚከብድ፣ ዙሩን ለመጨረስ ወደ 1000 ቀን የሚወስድበት ጋዝማ ፕላኔት ነው። ኮከቧ በዓይን አትታይም፤ በመደበኛ ባይናኩላር ግን ትታያለች። ቡና በውስጧ የያዘችው ካርቦን ከእርሷ በፊት ኖረው ያለቁ ከዋክብት የተፉት ነው፤ የፀሐይም እንደዚሁ።

ከውቤ በረሃ ተነሥቶ በአራት ኪሎ በኩል ወደ አምስት ኪሎ የሚወጣ ሰው ብሔራዊ ሙዚየም ይደርሳል፤ የድንቅነሽ ቤት። ናሳ በጥቅምት 2021 ያስወነጨፋት መንኮራኩር ስሟን ከእርሷ ወስዳ ሉሲ ተባለች፤ ድንቅነሽ ስለ ሰው አመጣጥ እንደመሰከረች፣ መንኮራኩሯም ስለ ፕላኔቶች አመጣጥ እንድትመሰክር ተብሎ። ከመሣሪያዎቿ አንዱ፣ የአስትሮይዶችን ሙቀት የሚለካው ኤል ቴስ፣ በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ነው፤ የድንቅነሽ አግኚ የዶናልድ ጆሃንሰን የሰው ዘር ምንጭ ጥናት ተቋም ያለበት ዩኒቨርሲቲ። በኤል ቴስ ውስጥ ብርሃኑን ለሁለት የሚከፍለው ስስ ገበታ በላቦራቶሪ ያደገ አልማዝ ነው፤ አልማዝ የኢንፍራሬድ ብርሃንን በደንብ ስለሚያሳልፍ። አልማዝ በሰማይ ጥሩ ሥራ ያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ጥላሸትን ለመመርመር።

ሉሲ በጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ድንቅነሽ ተብላ ከተሰየመች ትንሽ አስትሮይድ በ430 ኪሎ ሜትር ርቀት አለፈች። በዙሪያዋ የምትዞር ትንሽ ጨረቃ ሳትጠበቅ ታየች፤ እርሷም ሁለት አካላት ተነካክተው የቆሙባት ሆና ተገኘች። ስሟ ሰላም ተባለ፤ ተመራማሪው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በ2000 ዲኪካ ላይ ላገኛት የሕፃን ቅሪተ አካል መታሰቢያ። ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ዕለት፣ ሉሲ ዶናልድጆሃንሰን ከሚባለው አስትሮይድ በ960 ኪሎ ሜትር ርቀት አለፈች፤ 8 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ወገቡ የቀጠነ፣ ካርቦን የሞላበት ጥቁር አካል።

ዋናው ጉዞ ገና ነው። ነሐሴ 6 ቀን 2019 ዓ.ም. ሉሲ ከጁፒተር ጋር በአንድ ምሕዋር ከሚሽከረከሩት ትሮጃን አስትሮይዶች የመጀመሪያው ዩሪቤትስ ጋ ትደርሳለች። ትሮጃኖቹ ከጥላሸት መስመሩ ማዶ የቀሩ፣ ላያቸው የጠቆረና ከአራት ቢሊዮን ዓመት በላይ ብዙም ያልተነካ ናቸው ተብሎ ይታሰባል። ኤል ራልፍ የተባለው ሌላው መሣሪያዋ በላያቸው ያለውን ካርቦን፣ በረዶና ማዕድን ለይቶ ይመዘግባል። የመጨረሻው ጉብኝት፣ ፓትሮክለስና ጓደኛው ሜኖይቲየስ፣ በ2033 ነው። የናሳ ተልእኮዎች መረጃ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ለማንም ተመራማሪ በነፃ ይለቀቃል። ዘንድሮ አራት ኪሎ ሳይንስ ግቢ ፊዚክስ የገባ ተማሪ በ2033 የዶክትሬት ሥራው ላይ ይሆናል፤ በእንጦጦ የሚሠሩ ወጣት ተመራማሪዎችም ያን መረጃ ሊያነቡ የሚያስችል ሙያ አላቸው። የሥነ ፈለክ መምህራን ከአሁኑ ለተማሪዎቻቸው የኢንፍራሬድ ስፔክትረም ማንበብ ቢያስተምሩ፣ በድንቅነሽ ስም የሚላከውን መረጃ ከሚተነትኑት መካከል የድንቅነሽ አገር ልጆች ይገኛሉ።